ፊትህን ሳይሆን ወረቀትህን አሳየኝ፦ ካልኩለስና አልጀብራ በኦንላይን ማስጠናት

ካልኩለስ አልገባኝም ብለው ወደ እኔ ከሚመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹን የሚጥላቸው ካልኩለሱ አይደለም። አልጀብራው ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ብነግራቸው ቅር ይላቸዋል። "እሱንማ ድሮ ጨርሰነዋል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ጨርሰውታል። ግን ቅንፍ ሲፈቱ፣ ምልክት ሲቀይሩ፣ ክፍልፋይ ሲያቃልሉ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ያየላቸው ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ አለ፤ አስተማሪው የሚደርስለት የመጨረሻው መልስ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ የኦንላይን አስጠኚ ዋና ሥራ ተማሪው ሲጽፍ ማየት ነው ባይ ነኝ። ማስረዳቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ጥሩ ማብራሪያማ ዛሬ በነፃ ሞልቷል። ተማሪው ካን አካዳሚን፣ ነፃውን የትምህርት ቪዲዮ ድረ ገጽ፣ ከፍቶ ስለ ሊሚት የፈለገውን ያህል ማየት ይችላል። ቪዲዮው ግን "ሦስተኛው መስመር ላይ ቅንፉን ጥለኸዋል" አይለውም።

ይህን የምጽፈው ሒሳብ ለሚችሉ፣ ነገር ግን በስክሪን እንዴት እንደሚያስጠኑ ግራ ለገባቸው ሰዎች ነው። እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ ካሜራው። ብዙ ጀማሪ አስጠኚ የራሱን ስላይድ፣ የራሱን መብራት፣ የራሱን ማይክ ሲያሳምር ይውላል። የተማሪውን ወረቀት የሚያይበት መንገድ ግን የለውም። ከዚያ "ስንት መጣልህ?" ብሎ በድምፅ ይጠይቃል። ልጁ "ሰባት" ይላል። ሰባቱ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

ተማሪው ላፕቶፕም ስልክም ካለው ነገሩ ቀላል ነው። ግራና ቀኝ መጽሐፍ ይከምራል፣ በላዩ ላይ ሰፋ ያለ ማስመሪያ ያጋድማል፣ ስልኩን ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ አድርጎ ያስተኛዋል። ወረቀቱ ከሥር ይሆናል። ስልኩ በዚያው የቪዲዮ ጥሪ ሊንክ እንደ ሁለተኛ ሰው ይገባል። ማይኩንም ስፒከሩንም ማጥፋት አለበት፣ ካልሆነ ኢኮው ጆሮ ይበሳል። ስልክ ብቻ ካለው የኋላውን ካሜራ ወደ ወረቀቱ ያዞራል። እኔን ማየት ይቀርበታል፣ እሱ ግድ የለም። ድምፄ ይበቃዋል። እኔ የጻፍኩትን ደግሞ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክለታለሁ። በጣት ስክሪን ላይ መጻፍን ግን አልመክርም። ፓወሩ ከቤዙ ጋር እኩል ይወርድና የሁለት ስኩዌር ሃያ ሁለት ይመስላል። ከዚያ የሒሳብ ስህተት ነው ወይስ የጣት ብላችሁ ትከራከራላችሁ።

በእኔ በኩል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መጻፊያ ታብሌት እጠቀማለሁ። ስክሪን የሌለው ዓይነት ነው። እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ስክሪን ላይ ስለሚሆን መጀመሪያ ያስቸግራል፣ እየቆየ ይለመዳል። ታብሌት ከሌላችሁ እንደ ተማሪው ስልክና ወረቀት ተጠቀሙ። ብቻ በማውዝ አትጻፉ።

የነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ ተመችቶኛል። 40 ደቂቃ ሒሳብ፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ ተመልሶ መግባት። እረፍቱ ሲቀር የማየው ነገር ምልክት መሳሳት ነው፣ ፕላሱ ማይነስ ይሆናል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው የእኔ ቪዲዮ ነው። ድምፅና የተማሪው ወረቀት ከተረፉ ትምህርቱ ይቀጥላል። ጭራሽ ከተቋረጠ ምን እንደምናደርግ ቀድመን እንስማማለን፦ የያዘውን ጥያቄ ይጨርስና ፎቶ ይልካል፣ እኔ በድምፅ መልእክት እመልሳለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በመጀመሪያው ቀን ካልኩለስ የሌለባቸው አጫጭር ጥያቄዎች እሰጣለሁ። ፈተና ነው አልልም፣ "እስቲ እጃችንን እናፍታታ" ነው የምለው። (ኤክስ + 3)²ን ዘርዝር። 5 − (ኤክስ − 3)ን አቃልል። 1/2 + 1/ኤክስን ደምር። የ(ኤክስ + 6)/6 መልስ ኤክስ ነው ወይ? የ9 + 16 ስኩዌር ሩት ስንት ነው?

እነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ብዙ ያወራሉ። (ኤክስ + 3)² = ኤክስ² + 9 ብሎ የጻፈ ተማሪ የደሪቬቲቭ ዴፊኒሽን ጋ ሲደርስ እንደሚወድቅ ከወዲሁ አውቃለሁ። እዚያ ጋ ኤክስን በትንሽ ቁጥር፣ በኤች፣ ጨምረን ፋንክሽኑ ስንት እንደተለወጠ እናያለን፣ ለኤች እናካፍላለን፣ ኤችን ወደ 0 እናስጠጋለን፤ የሚዘረዘረውም (ኤክስ + ኤች)² ነውና። ስኩዌር ሩቱን 3 + 4 = 7 ያለውም እንደዚያው። 25 ነው፣ መልሱም 5 ነው።

ስህተቱን ሳይ "ሕጉ እንዲህ ነው" አልልም። ሕጉንማ ሲሰማ ኖሯል። "በኤክስ ፈንታ 4 አስገባበት" እለዋለሁ። (4 + 3)² 49 ነው። 16 + 9 ደግሞ 25። ልጁ ዝም ብሎ ያየዋል። (4 + 6)/6 ውስጥ ስድስቶቹን ቢያጣፋ 4 ይቀረዋል፣ እውነተኛው ግን 10/6 ነው። ይህን ልማድ ካስያዝኩት ግማሽ ሥራዬ አለቀ። እኔ በሌለሁበት ሰዓት ራሱን የሚያርምበት መሣሪያ አገኘ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቅቀዋለሁ፦ ለመሞከሪያ 0ን እና 1ን አትጠቀም። በ0 ካየነው (ኤክስ + 3)² እና ኤክስ² + 9 እኩል 9 ናቸው፣ ስህተቱ ይደበቃል።

ከአንዲት ተማሪዬ ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። የኤክስ² − 3ኤክስን ደሪቬቲቭ በዴፊኒሽን እየሠራች ነበር። ወረቀቷ በግልጽ ይታየኛል። መጀመሪያ (ኤክስ + ኤች)² − 3(ኤክስ + ኤች) ብላ ጻፈች፣ ጥሩ። ከዚያ ፋንክሽኑን ልትቀንስ − ኤክስ² − 3ኤክስ ብላ ቀጠለች። ዘረዘረች፣ አጣፋች፣ 2ኤክስ·ኤች + ኤች² − 3ኤች − 6ኤክስ ቀራት። ለኤች ልታካፍል ስትል ስድስቱ ኤክስ አላንቀሳቅስ አላት። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ ወረወረችው።

"ቲቸር፣ ይሄ ደሪቬቲቭ የሚባል ነገር ለኔ አይሆንም።"

"ደሪቬቲቭ ጋ ገና አልደረስንም። ሁለተኛውን መስመር አንብቢልኝ።"

አነበበች።

"የምንቀንሰው ምኑን ነው? ሙሉውን ፋንክሽን ነው ወይስ ግማሹን?"

ዝም። እኔም ዝም። ካሜራው ላይ እጇ ብቻ ይታያል፣ ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ "ሙሉውን… ውይ! ቅንፍ!" አለች። − (ኤክስ² − 3ኤክስ) ሲሆን ማይነሱ ወደ ውስጥ ይገባና + 3ኤክስ ይሆናል። የቀረው በራሱ ሄደ፦ 2ኤክስ·ኤች + ኤች² − 3ኤች፣ ለኤች ሲካፈል 2ኤክስ + ኤች − 3፣ ኤች ወደ 0 ሲጠጋ 2ኤክስ − 3። ሊሚቱን ማንም አላስረዳትም። ድሮም ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ አንድ መቆጣጠሪያ ሰጠኋት። ፋንክሽኑ ፖሊኖሚያል ከሆነ፣ ለኤች ከማካፈልሽ በፊት ኤች የሌለበት ተርም አንድም መቅረት የለበትም። ከቀረ ከላይ የሆነ ቦታ ምልክት ተሳስቷል፣ አትቀጥዪ፣ ተመለሺ። ይህን ለሁሉም ተማሪ እሰጣለሁ። በጣም የምወደው ማረሚያ ነው።

ስለ ዝምታው ትንሽ ልጨምር። ኦንላይን ላይ ዝምታ ያስጨንቃል። መስመሩ የተቋረጠ ይመስላል። አስጠኚው ቶሎ ብሎ መልሱን ይናገራል። ሜሪ ባድ ሮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ክፍል ውስጥ የተቀረጹ ድምፆችን አጥንታ በ1970ዎቹ ያሳተመችው ነገር አለ። አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይመልሱ የሚቀሩትም ቀነሱ። ለሒሳብማ ሦስት ሰከንድ ምን አላት። እኔ ማይኬን አጠፋለሁ። ማይኬ ሲጠፋ ምላሴም ይታሰራል። ወረቀቱ ላይ እጁ እየተንቀሳቀሰ እስከሆነ ድረስ አልገባበትም። ፊቱ ብቻ ቢታየኝ ኖሮ እያሰበ ይሁን እየተቁለጨለጨ በምን አውቃለሁ?

"ገባህ?" የሚለውን ጥያቄም ትቼዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ "አዎ ቲቸር" ነው። በሱ ፈንታ "ይህን መስመር ከየት አመጣኸው?" እላለሁ።

ሌላው ወረቀት ላይ ካልሆነ የማይታይ ነገር የእኩል ምልክት አጠቃቀም ነው። 3 + 4 = 7 × 2 = 14 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሞልቷል። በልቡ ትክክል እያሰበ ነው፣ ሰባት አገኘ፣ በሁለት አባዛ። ግን የጻፈው 7 ከ14 እኩል ነው የሚል ነው። አልጀብራ ላይ ሲሆን ዋጋ ያስከፍላል። ኢኩዌሽን ሲፈታ አንዱን ወገን ብቻ ያካፍላል፣ ደሪቬቲቩን ከፋንክሽኑ ጋር በእኩል ምልክት ያያይዘዋል። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1557 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ዌልሳዊው ሮበርት ሪኮርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከነሱ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች የሉም ብሎ ነው። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ግን ያስታውሱታል። በየመስመሩ አንድ እኩል ምልክት፣ ከሥር ከሥር ተደርድሮ። ይህን ብቻ ለምዶ ውጤቱ የተሻሻለ ልጅ አውቃለሁ።

ሊሚትን በቁጥር ነው የምጀምረው። (ኤክስ² − 9)/(ኤክስ − 3)ን ኤክስ 3 ላይ ብናየው 0/0 ይሰጣል። "ስለዚህ መልስ የለውም" ይላሉ። እሺ፣ 2.9 አስገባ። 5.9። 2.99። 5.99። በሌላ በኩል 3.01 አስገባ። 6.01። "ወዴት እየሄደ ነው?" ማንም ልጅ ስድስት ማለት አያቅተውም። ፋክተራይዝ ማድረጉን ከዚያ በኋላ አመጣለሁ፣ ለምን እንደሚሠራ ቀድሞ ታይቶታልና።

ለደሪቬቲቭ ግራፍ የሚስሉትን ዴስሞስን ወይም ጂኦጀብራን እከፍታለሁ። ሁለቱም በነፃ ብራውዘር ላይ ይሠራሉ። የኤክስ²ን ግራፍ አወጣለሁ፣ ኤክስ 1 የሆነበት ነጥብ ላይ እቆማለሁ፣ ሁለተኛውን ነጥብ በስላይደር አስጠጋዋለሁ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው የኤክስ ርቀት፣ ኤች፣ 1 ሲሆን የሚያገናኛቸው መስመር ስሎፕ 3 ነው፣ 0.1 ሲሆን 2.1፣ 0.01 ሲሆን 2.01። ቆንጆ ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ ቆንጆ ነገር እያዩ ምንም ሳይማሩ መውጣት ይቻላል። ስላይደሩን ሳልነካ በፊት "አሁን ስሎፑ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ስንት የሚሆን ይመስልሃል?" ብዬ ወረቀቱ ላይ አስጽፈዋለሁ። ግምቱ ከተሳሳተ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ያኔ ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም።

ፕሮዳክት ሩል ላይ፣ ማለትም ሁለት ፋንክሽኖች ሲባዙ፣ የሁለቱን ደሪቬቲቭ ለየብቻ አውጥቶ ማባዛት የሚቀናቸው ብዙ ናቸው። አይፈረድባቸውም። ካልኩለስን ከፈጠሩት አንዱ ላይብኒዝ ራሱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1675 በያዘው ማስታወሻ ላይ ይህንኑ አንስቶ እንዲያ አለመሆኑን በምሳሌ አሳይቷል። ተማሪውም እንዲሁ ያድርግ። ኤክስ² ሲባዛ በኤክስ³ ኤክስ⁵ ነው፣ ደሪቬቲቩ 5ኤክስ⁴። ለየብቻ አውጥቶ ቢያባዛ 2ኤክስ በ3ኤክስ² 6ኤክስ³ ይሆናል። ፓወሩ እንኳን አልገጠመም።

ቼይን ሩል ላይ፣ ፋንክሽን በፋንክሽን ውስጥ ሲሆን፣ የሚጠፋው የውስጡ ደሪቬቲቭ ነው። ካፖርት ከላይ ነው፣ ሸሚዝ ከሥር፤ ስታወልቅ ከላይ ነው የምትጀምረው፣ ሸሚዙ ጋ ሳትደርስ ግን ጨረስኩ አትልም፣ እላለሁ። (3ኤክስ + 1)⁵ ሲሆን 5(3ኤክስ + 1)⁴ ካፖርቱ ነው፣ 3ቱ ሸሚዙ ነው፣ በአጠቃላይ 15(3ኤክስ + 1)⁴። ለሚጠራጠር ልጅ ፓወሩን ወደ 2 ዝቅ አደርግለታለሁ። (3ኤክስ + 1)²ን ዘርዝረው፣ 9ኤክስ² + 6ኤክስ + 1፣ ደሪቬቲቩ 18ኤክስ + 6። አሁን 3ቱን ረስተህ ብትሠራ ስንት ይመጣል? 6ኤክስ + 2። ልዩነቱ በትክክል ሦስት እጥፍ ነው። እንደገና አልጀብራው ነው ፈራጁ።

ኢንተግራል ላይ፣ የደሪቬቲቭ ግልባጭ ነውና፣ ብዙ አልቆይም። መልስህን መልሰህ ዲፈረንሺየት አድርገው፣ የተሰጠህ ፋንክሽን ካልመጣ ተሳስተሃል። ፕላስ ሲ፣ መጨረሻ ላይ የሚጨመረውን ቋሚ ቁጥር፣ አትርሳ። የ1/ኤክስ ነገር ለፓወር ሩል አይሆንም፣ በ0 ማካፈል ይመጣልና፣ እሱ ሎጋሪዝም ነው። የቀረው ልምምድ ነው።

ጥያቄውን በፎቶ አንብቦ ስለሚፈታው ፎቶማዝና ስለ ቻትጂፒቲ ሁሌ እጠየቃለሁ። አልከለክልም። ብከለክልም አይሰሙኝም። የቤት ሥራው እንደ መጽሐፍ ጸድቶ ሲመጣ ግን አውቃለሁ፣ የልጁ ወረቀት ስርዝ ድልዝ የበዛበት እንደሆነ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ አልቆጣም። "አራተኛው መስመር ላይ ይህ 2 ወዴት ሄደ?" እላለሁ። ከመለሰ ተምሯል፣ ከየትም ይማር። ካልመለሰ አብረን ከአራተኛው መስመር እንጀምራለን። አንዳንዴ ደግሞ እኔው ስህተት ያለበት ሥራ አዘጋጅቼ እልካለሁ፣ ስህተቱን ፈልጎ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ያርመው። ይህን ይወዱታል። አስተማሪ መሆን ማን ይጠላል።

የቤት ሥራው ትንሽ ነው፣ አራት ወይም አምስት ጥያቄ። ፎቶው ከክፍላችን በፊት ባለው ማታ ይድረሰኝ እላለሁ። ቀድሜ ስላየሁት በቀጥታ የተሳሳተበት መስመር ላይ እንገባለን። መልሱ ትክክል የሆነውን ጥያቄ ደግሞ ማንሳት የለም፣ ጊዜ ማባከን ነው። የተሳሳተውን ግን በአንድ የስህተት ደብተር ላይ ይገለብጠዋል፦ በግራ የጻፈው፣ በቀኝ የታረመው፣ ከሥሩ የስህተቱ ዓይነት በአጭሩ፣ "ቅንፍ"፣ "ማይነስ"፣ "ያላግባብ ማጣፋት"። ትንሽ ሲቆይ ደብተሩ ላይ ያሉት የስህተት ዓይነቶች ከጣት እንደማይበልጡ ራሱ ያየዋል። ለፈተና ሲቃረብ አዲስ ነገር አናነሳም፣ ከዚህ ደብተር የቀኙን ዓምድ እየሸፈነ እንደገና ይሠራል።

ወላጆች የሚጠይቁት "ውጤቱ መቼ ይሻሻላል?" ብለው ነው። ቀን ቆርጬ አልነግራቸውም። በየሳምንቱ አጭር መልእክት እልካለሁ፦ "የእርስዎ ልጅ በዚህ ሳምንት ቅንፍ አልጣለም፣ ክፍልፋይ ላይ ገና ነው።" ከዚህ የበለጠ ሪፖርት አያስፈልጋቸውም። ክፍያና ቀጠሮ መሰረዝን በተመለከተ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ተስማሙ፣ በኋላ መጨቃጨቅ ደስ አይልም።

አንድ ደስ የማይል ነገር ደግሞ መኖሩን ልንገራችሁ። "ፈተና ላይ ነኝ፣ ይህን ጥያቄ ቶሎ ሥራልኝ" የሚል ፎቶ ይመጣል። አንዳንዴ ፈተና ነው አይሉም፣ ብቻ "በአሥር ደቂቃ ውስጥ" ይላሉ። እጥፍ እከፍላለሁ የሚልም አለ። እኔ "አይሆንም፣ ከፈተናው በኋላ አብረን እንሠራዋለን" ብዬ ስልኬን አስቀምጣለሁ። ጥቂቱ አኩርፎ ይቀራል፣ ጥቂቱ ተመልሶ ይመጣል።

መቼ ነው የሚበቃው? ተማሪው እኔ ሳልናገር በራሱ "ቆይ ቲቸር፣ እዚህ ጋ ማይነስ ጠፍቷል" ማለት ሲጀምር። ያኔ ክፍሉን በሁለት ሳምንት አንዴ አደርገዋለሁ፣ ቆይቶም ጥያቄ ሲኖረው ብቻ ይደውላል። ወላጆች ይህን ስነግራቸው ይገረማሉ። "ታዲያ ተማሪ አያንስብህም ወይ?" ይሉኛል። ያንሳል። ብዙ ሳይቆይ ግን ታናሽ እህቱን ያመጡልኛል፣ እሷም ከ5 − (ኤክስ − 3) ትጀምራለች።